አኒሜሽን በእርሳስና በወረቀት፦ ድሬ ላይ ከየት ልጀምር?

የቀፊራው (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች፣ ሌላም ቦታ ያላችሁ።

ሥራዬ የሱቅና የባጃጅ ጽሑፍ መጻፍ ነው። እጄ ለሥዕል አይታማም። ግን የምስለው ሁሉ እንደቆመ ይቀራል፤ አሁን ማንቀሳቀስ አማረኝ። ኮምፒውተር የለኝም። የሥዕል ታብሌት ዋጋ ጠይቄ እግሬ አውጪኝ ብያለሁ። ያለኝ ስልክ፣ እርሳስና ወረቀት ነው።

ድሮ ካርቱን የሚሠራው በወረቀት ነበር ሲባል እሰማለሁ። ዛሬም በዚያ መንገድ መማር ይቻላል? ከተቻለ ምን ልግዛ፣ ምን ላሠራ? ዩቲዩብ ላይ የሚያሳዩት ዕቃ እዚህ የለም። ታይዋን ገበያ ገብቼ ስጠይቅ ሻጩ "የምን መለዋወጫ ነው?" አለኝ።

ደግሞ የድሬ ሙቀት ይታሰብልኝ።

ፒክስል (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50)

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ወረቀቱን ተወው። እኔ አዲስ አበባ ለማስታወቂያ ሞሽን ግራፊክስ (የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ሥዕል) በኮምፒውተር እሠራለሁ። በወረቀት ብትስል በኋላ ስካን ማድረግ አለ፣ ማጽዳት አለ፣ ቀለም መቀባት አለ። ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁልፍ ተጭነህ የምትመልሰውን መስመር ወረቀት ላይ በላጲስ ስትፈገፍግ ትውላለህ። ያገለገለ ላፕቶፕ እስክታገኝ ታገስ። ኦፕንቱንዝ የሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ ለፕሮግራሙ ሳንቲም አታወጣም።

ሳቢያን (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05)

አቦ ፒክስል! ልጁ ኮምፒውተር የለኝም እያለህ "ላፕቶፕ ጠብቅ" ትለዋለህ?

የቀፊራው፣ አብሽር፣ ይቻላል። እኔ እዚሁ ሳቢያን ቤቴ ቁጭ ብዬ በወረቀት ነው የምሠራው። ገና ሳትስል ግን መጀመሪያ አንድ ነገር አስተካክል፦ ወረቀቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። አንዱ ቅጠል በሌላው ላይ ልክ ካልገጠመ፣ የፈለገ የሚያምር ሥዕል ይሁን፣ ስታጫውተው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።

ለዚህ ሥራ ውጭ አገር ፔግ ባር የሚባል አላቸው። ሦስት ጉጥ ያለው ቀጭን ዘንግ ነው፤ የመሃሉ ጉጥ ክብ ነው፣ የዳርና የዳሩ ጠፍጣፋ። መብሻውን እዚህ አታገኘውም፣ ብታገኘውም አይቀመስም። የቢሮ ፐንቸር ይበቃሃል። ሁለት ቀዳዳ የሚበሳው ተራው ፐንቸር ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው መሃል 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቀዳዳው ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወረቀት ብሳና ይዘህ አናጺ ጋ ሂድ። በቁጥር ከምትነግረው የተበሳውን ወረቀት ብታሳየው ይሻላል። ጣውላ ላይ ሁለት አጭር ዘንግ ይትከልልህ። ጥርስ ያለው ብሎን እንዳያደርግልህ፣ ቀዳዳውን ይበላዋል። ለስላሳ ብረት ይሁን። ቀዳዳው ጠበቅ አድርጎ ይያዘው፣ ግን ለማስገባት ትግል አይሁን።

ስትበሳ አትቸኩል። ሦስት አራት ቅጠል ብቻ፣ ሁሉንም ወደ ፐንቸሩ ጠርዝ ገፋ አድርገህ። አሥራ አምስት ቅጠል በአንዴ ከበሳህ የላይኛውና የታችኛው አይገናኙም።

የታችኛው ሥዕል በላይኛው ወረቀት ውስጥ እንዲታይህ ላይት ቦክስ ያስፈልግሃል፤ እሱም ይኸውልህ፦ ዝቅ ያለ ሳጥን፣ ከላይ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ብርሃኑን የሚያለሰልስ ትሬሲንግ ፔፐር፣ ውስጡ ኤልኢዲ መብራት። የመስታወቱን ጠርዝ መስታወት ቤቱ ይሞርድልህ፣ እጅህ ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ነው የሚውለው። የድሮውን አምፖል እንዳታስገባ። ድሬ ላይ ሌላ ምድጃ አያስፈልግህም። መብራት ከሄደ፣ ቀን ከሆነ ወረቀቱን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈህ ትቀጥላለህ። የፒክስል ኮምፒውተር ያን ሰዓት ምን እንደሚሠራ እሱ ይንገረን።

ፒክስል (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ያን ሰዓት ቡና እጠጣለሁ።

የቀፊራው (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00)

ሳቢያን፣ እግዜር ይስጥሽ። ጣውላው ዛሬ ተሠራ። አናጺው "ይሄ ለምንድነው?" ብሎ አልለቅ አለኝ።

አሁን ችግሬ ቬንትሌተር ሆኗል። ከከፈትኩት ወረቀቱን ይበትነዋል። ካጠፋሁት ላቤ ይንጠባጠብና እርሳሱ ይደበዝዛል። ምን ይሻለኛል?

ሳቢያን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ሁለቱም መላ አላቸው። ፔጉን በአንተ በኩል፣ ከወረቀቱ ግርጌ አድርገው። በላዩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀጭን የጣውላ ቁራጭ ደርብበት፤ ንፋሱ አይነቅለውም። ለላቡ፣ መዳፍህ ሥር ሁልጊዜ ንጹሕ ወረቀት ይኑር። እርሳስ 2ቢ አትጠቀም፣ ለስላሳ ስለሆነ ይለቀለቃል። ኤችቢ ይሁን። መነሻውን በቀላል ሰማያዊ ወይም በቀይ የቀለም እርሳስ ንደፍ፣ ከዚያ በላዩ በኤችቢ አጥራ።

ፎቶ ስታነሳ ግን ቬንትሌተሩን አጥፋ። ከመብራቱ በታች የሚዞር ከሆነ ክንፉ ባለፈ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጥላ ይጥላል። አንተ ልብ አትለውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል። ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይልብሃል።

ስልኩን ወደ ታች እንዲያይ አድርገህ አጥብቀህ ደግፈው። ማሳያውን ረዘም አድርገህ ስትጫን አብዛኛው ስልክ ፎከሱንና የብርሃን መጠኑን ይቆልፍልሃል፤ ካልቆለፍከው በየሥዕሉ ይቀያየራል። ማንሻውን በጣትህ አትንካ፣ ስልኩ ይንቀሳቀሳል። ገመድ ያለው ኢርፎን ሰክተህ የድምፅ መጨመሪያውን ተጫን፣ በብዙ ስልኮች ላይ እንደ ካሜራ ማንሻ ይሠራል። ለማጫወት ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው የስልክ አፕሊኬሽን ነጻው ስሪት ለጀማሪ በቂ ነው።

መምህር ዘጁገል (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10)

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሐረር ነኝ፤ ሥዕል አስተምራለሁ። ስለ ዕቃው ሳቢያን ጥሩ አድርጋ ተናግራለች። በነገራችን ላይ ይሄ የመስታወትና የመብራት ዘዴ ዕድሜ ጠገብ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል እ.ኤ.አ. በ1908 የመጀመሪያ የአኒሜሽን ፊልሙን ሲሠራ ከሥር በበራ መስታወት ላይ አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ እየደረበ 700 ያህል ሥዕል ስሏል። ያኔ ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ያሳያል። ቁጥሩ የጸናው ድምፅ ወደ ፊልም ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። አኒሜተር ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ያቆየዋል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። አንድ ደስጣ ወረቀት 500 ቅጠል ነው። አስላው፤ 41 ሰከንድ ገደማ ነው የሚወጣው። እናም ፊልም እሠራለሁ ብለህ አትነሳ። ኳስ ሳል።

ወረቀቱን በቁመቱ ያዘው። አናቱ ላይ ትንሽ ክብ ሳል። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ኳሱን 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው። ሦስተኛው ላይ ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር። ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 7፣ ቀጥሎ 9። ድምሩ 25 ነው፤ የኤ4 ቁመት 29.7 ስለሆነ ልክ ይሆንልሃል። በሰከንድ በ12 ስታጫውተው ኳሱ ከ85 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከጠረጴዛ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ይመስላል። ጎዶሎ ቁጥሮቹን እኔ አልፈጠርኳቸውም። የሚወድቅ ነገር በእኩል ጊዜ የሚጓዘው ርቀት 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ እንደሚያድግ ያሳየው ጋሊልዮ ነው።

አሁን ሌላ ስድስት ቅጠል ውሰድ። ያንኑ ኳስ በየቅጠሉ እኩል 5 ሴንቲ ሜትር አውርደው። የሥዕሉ ብዛት ያው ነው፣ ርቀቱም ያው 25 ነው። ሁለቱን አከታትለህ አጫውት። የመጀመሪያው ይወድቃል። ሁለተኛውን አንድ ሰው በገመድ እያወረደው ነው።

ይሄን በዓይንህ ካየህ በኋላ መሬት ሲነካ መጨፍለቁንና ሲነሳ መለጠጡን ጨምርበት። ሲጨፈለቅ ወደ ጎን ይስፋ እንጂ አይነስ። ኳሱ ውስጥ ያለው አየር የትም አልሄደም።

የቀፊራው (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00)

መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለቱንም ሠራኋቸው። በገመድ የሚወርደውን ኳስ እህቴ አይታ "ይሄኛው ሊፍት ውስጥ ነው" አለች።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ ሰው ወይም እንስሳ ሲሆን በሴንቲ ሜትር መለካት አይቻልም። መሃሉን በምን አውቃለሁ?

መምህር ዘጁገል (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45)

መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን ሥዕሎች ሳል፤ ኪ የሚባሉትን። እጅ ታች፣ እጅ ላይ እንበል። ከዚያ አንደኛው ኪ ጥግ ላይ ትንሽ ማስመሪያ የምትመስል መስመር አስምርና የመሃል ሥዕሎቹ የት የት እንደሚወድቁ በጭረት አመልክት። ጭረቶቹ ጫፍና ጫፉ ላይ ከተጠጋጉ እጁ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። ስትስል መጀመሪያ የሁለቱን እኩሌታ ሳል። ከዚያ የእኩሌታውን እኩሌታ። እጅ ደግሞ በቀጥታ መስመር አይሄድም፣ ከትከሻው ተንጠልጥሎ በቅስት ነው የሚዞረው። ለጀማሪ ቅስቱን በሰማያዊ እርሳስ አስቀድሞ መሥራት ይረዳል።

ቁጥር መጻፍ አትርሳ። እያንዳንዱ ቅጠል ጥግ ላይ።

ፒክስል (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

መምህር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ይሄ ሁሉ ኮምፒውተር ላይም አለ እኮ። ያለፈውና የሚቀጥለው ሥዕል ከሥር ደብዘዝ ብሎ ይታይሃል። ኦኒየን ስኪን ይባላል። ላይት ቦክስ ማለት እሱ ነው።

ሳቢያን (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡15)

ላይት ቦክስን ይተካል፣ ልክ ነህ። መገልበጥን ግን አይተካም። አምስት ቅጠል ፔግ ላይ ደርድር። ግራ እጅህን ዘርግተህ በየጣትህ መሃል አንድ አንድ ቅጠል አስገባ። አሁን ጣቶችህን በተራ ስታወርድ ሥዕሉ ፊትህ ይንቀሳቀሳል፣ ስታነሳ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኝ እጅህ እርሳሱን አልለቀቀም። መስመር ትጨምራለህ፣ ትገለብጣለህ፣ ትጨምራለህ። መጀመሪያ ቅጠሎቹ ከጣትህ ያመልጣሉ፤ ከለመድከው ግን አራተኛው ሥዕል ላይ ጉልበቱ እንደዘለለ ገና ሳትጨርሰው ታውቀዋለህ። የደበዘዘ ሥዕል የት እንዳለ ያሳይሃል። እንዴት እንደሄደ የሚነግርህ መገልበጡ ነው።

ቀለም ላይ ግን እጄን ሰጥቻለሁ። በወረቀት ቀለም መቀባት ፍዳ ነው። እሱን ለኮምፒውተር።

ፒክስል (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡40)

ቢያንስ በቀለም ተስማማን።

ዝምተኛ አንባቢ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00)

እኔ ሐረር ነኝ። የጅብ አካሄድ ልሞክር ፈልጌ ነበር። ማታ ሲመገቡ በስልክ ቀረጽኩ፣ ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም።

መምህር ዘጁገል (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡35)

ጅብ ለመጀመሪያ ከባድ ነው። ለማንኛውም፦ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፤ ጀርባው ከትከሻው ወደ ጭራው ይንሸራተታል። እሱን ካልያዝክ ውሻ ይሆንብሃል። አንገቱ ወፍራም ነው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሄደው። ቪዲዮው ባይታይም ጥላ መልኩ ከታየ ለሥራህ እሱ ይበቃል። ዓይንና ፀጉር አትፈልግ።

የቀፊራው (በሳምንቱ ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ግመል ሠራሁ። ቪዲዮውን ከታች አስቀምጫለሁ። የአራት እግር እንስሳ አካሄድ ከሚል ትምህርት ላይ የእግሩን ተራ ወስጄ ነው። ይንቀሳቀሳል፣ አይንቀጠቀጥም፣ ፔጉ ሠርቷል። ግን የሆነ ነገር ቅር ብሎኛል፤ ምን እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ።

ሺኒሌ መንገድ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ሥዕል አላውቅም፣ የምትሉትን ፔግም አይቼ አላውቅም። ግመል ግን አውቃለሁ፣ ከግመል ጋር ነው ያደግኩት። ወንድሜ፣ ይሄ ሻኛ የተጫነ አህያ ነው።

አህያ አራቱንም እግር ተራ በተራ ነው የሚያነሳው። ግመል እንደዚያ አይሄድም። በግራ በኩል ያሉት የፊትና የኋላ እግሮቹ አብረው ይሄዳሉ፣ ከዚያ የቀኞቹ አብረው። የኋላው እግር በትንሹ ይቀድማል፣ የፊተኛው ወዲያው ይከተለዋል። ለዚህ ነው ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዘው። ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን ነው የሚያርፈው።

እግሩም ሌላ ነው። ያንተ ግመል ሰኮና አለው። ግመል ሰኮና የለውም፤ መርገጫው ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ሲረግጥ ዘርጋ ይላል። ሲያነሳው መልሶ ይሰበሰባል።

ሲነሳ የምትሥለው ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የሚቆመው ኋላው ነው። የተቀመጠበት ሰው ወደ ፊት ይደፋል። ከዚያ ነው ፊቱ የሚነሳው። ሲቀመጥ በፊት ጉልበቱ ይጀምራል።

ሳቢያን (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25)

ወላሂ በሕይወቴ ግመል ሳይ ኖሬ ይሄን ልብ ብዬ አላውቅም።

መምህር ዘጁገል (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30)

ሺኒሌ መንገድ፣ እጅህ ይባረክ። እኔም የማስተምረው የፈረስንና የውሻን ነው፤ ግመል የራሱ ሕግ አለው።

የቀፊራው፣ እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ባለ ግመሉን አስፈቅድና በጎን በኩል፣ ስልክህን ሳታንቀሳቅስ ቅረጽ። እግሮቹ እስከ መሬት ድረስ ይታዩ። አብዛኛው ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል። ከዚያ ውስጥ በየሦስተኛው ላይ አቁመህ ሳል፤ በሰከንድ 10 ሥዕል ይሆንልሃል። አፕሊኬሽኑንም 10 ላይ አድርገው፣ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ግመል ጋር ይገጥማል።

ግን መስመሩን እንዳለ አትቅዳ። ቪዲዮውን መስመር በመስመር ከቀዳህ የግመል ቆዳ ነው የምትሥለው። መጀመሪያ የጀርባውን መስመርና አራት እንጨት መሳይ እግሮች ብቻ ሳል። ያ ብቻውን ግመል ሲመስልህ ሥጋ አልብሰው።

ሌላ ደግሞ፣ የአንደኛው እርምጃ ሥዕሎች ለሁለተኛው እርምጃ መነሻ ይሆኑሃል። ከጎን ሲታይ ቅርጹ ያው ነው፣ በእኛ በኩል ያለው እግርና የማዶው ቦታ ይለዋወጣሉ። ላይት ቦክስ ላይ አስቀምጠህ ቀይራቸው። የማዶዎቹን እግሮች በእርሳስ አጥቁራቸው። ካላጠቆርካቸው የተመልካቹ ዓይን የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋበታል፤ ግመልህ በሁለት እግሩ የሚዘል ይመስለዋል።

የቀፊራው (እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20)

አዲሱ ግመል ይኸው። ሺኒሌ መንገድ፣ ፍረድ።

ባለ ግመሉ መጀመሪያ ለምን እግር እግሩን እንደምቀርጽ ግራ ገብቶት ነበር። ሥዕሎቹን ይዤ ሄጄ ፊቱ ስገለብጥለት ሳቀና ግመሉን ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አስኬደልኝ። ከቪዲዮው አንድ ነገር አየሁ፤ እግሮቹ አብረው ሲወጡ አንገቱም ይከተላል፣ ግን ትንሽ ዘግይቶ። የአንገቱን ሥዕሎች አንድ ቅጠል ወደ ኋላ አዘገየኋቸው። ከዚያ በኋላ ነው ክብደት ያለው የመሰለው።

ሺኒሌ መንገድ (እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡40)

አሁን ግመል ነው። ወጣት ግመል ነው፣ ጭነት አልለመደም። ጭነት ያለው አንገቱ እንዲህ አይጫወትም።

የቀፊራው (እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡55)

ጭነቱ ይቀጥላል አቦ! ማገዶ ልጭንበት ነው።

ፒክስል፣ ቀለም ትቀባልኛለህ ወይስ ቡና ላይ ነህ?

ፒክስል (እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30)

እቀባለሁ። በዚህ ግመል ተሸንፌያለሁ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላክ፣ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፤ አለዚያ ጨምቆ መስመሩን ያበላሽብኛል። የፔጉ ሁለት ቀዳዳ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይታይ፣ በእሱ ነው የማስተካክለው። መስመሩ የትም ቦታ ላይ ክፍት እንዳይሆን፣ ቀለሙ ይፈስብኛል። የሻኛው ጫፍ ላይ 7ኛውና 8ኛው ሥዕል ክፍት ናቸው፣ እነሱን ዝጋልኝና ላካቸው።